ሰው የሚስቅባትን መኪና ልግዛ?

የጥያቄው ፍሬ ነገር ይሄ ነው። ወንድማችን ቨርጂኒያ ይኖራል። ሥራው ሩቅ ነው፤ ደርሶ መልስ በቀን 60 ማይል ይነዳል። አሁን የያዛት የ2005 ኮሮላ ናት። ምንም አላጎደለችበትም፣ ግን ሰልችታዋለች። ሰሞኑን አንዲት የ2001 ሆንዳ ኢንሳይት ለሽያጭ ቀርባ አየ። ባለ ሁለት ወንበር ናት፣ ሃይብሪድ (ቤንዚንም ኤሌክትሪክም ሞተር ያላት)፣ በእጅ ማርሽ የምትነዳ፣ ዳሽቦርዷ ላይ የሃይብሪድ ባትሪው መብራት የበራባት። በዚያው ዋጋ አንድ ማዝዳ አርኤክስ-8 አግኝቷል። ጓደኛው ደግሞ "ሁለቱንም ተዋቸውና ያገለገለ ቴስላ ግዛ" ይለዋል። እንዲህ ብሎ ይጠይቃል፦ "ነዳጅ የማትበላ፣ ከሰው መኪና የተለየች፣ ስነዳት ደግሞ ደስ የምትለኝ መኪና አለች ወይስ ሦስቱ አብረው አይሄዱም? የኢንሳይቷን ፎቶ ያየ ሁሉ ሳቀብኝ።"

ወንድሜ፣ ይሳቁ። እኔም የመጀመሪያዋን ኢንሳይት ጋራዣችን ስትገባ ሳያት ስቄያለሁ። የኋላ ጎማዎቿ ግማሽ በግማሽ ተሸፍነዋል፣ ረጅም ቀሚስ የለበሰች አሮጊት ነው የምትመስለው። ከኋላ ስታያት ደግሞ ጠበብ ብላ ታልቃለች። ከፊት ሰፊ፣ ከኋላ ጠባብ። ከዚያ አንስተን ስሯን አየን፣ ሳቄም እዚያው ቆመ።

ለጥያቄህ ቁርጡን ልንገርህ። ሦስቱ አብረው ይሄዳሉ። ሰው ነዳጅ መቆጠብንና ፍጥነትን እንደ እሳትና ውሃ ነው የሚያያቸው፤ ግን ሁለቱም የሚታገሉት ከአንድ ጠላት ጋር ነው። ጠላቱ ክብደትና ንፋስ ነው። የቆጣቢ መኪና ኢንጂነርም የውድድር መኪና ኢንጂነርም ጠዋት ቢሮ ሲገቡ የሚያስቡት ያንኑ ነው። መልኳ የሚያስቀውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ንፋሱ የፈለገውን ቅርጽ ሰጥተዋት ለገዢው ዓይን ሳይጨነቁ ወጡ።

እስቲ ስለ ንፋስ ትንሽ ልበልህ፣ ምክንያቱም አንተ በቀን 60 ማይል የምትነዳው በሀይዌይ ነው። ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን የንፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ያንን ግፊት ገፍቶ ለመሄድ ከሞተሩ የሚጠበቀው ጉልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ። በሰዓት ከ100 ወደ 120 ኪሎ ሜትር ከፍ ስትል ፍጥነትህ የጨመረው አንድ አምስተኛ ነው፤ ንፋስን ለማሸነፍ የሚወጣው ጉልበት ግን ከ70 በመቶ በላይ ያድጋል። ዋሽንግተንን የሚዞረው ቤልትዌይ ላይ ሁሉም እየበረረ ሲያልፍህ የሚከፍለውን አስብ።

የዚህ ነገር ትልቁ ማሳያ ቡጋቲ ቬይሮን ነው። 2005 ላይ ሲወጣ 1,001 የፈረስ ጉልበት ነበረው፣ በሰዓት 407 ኪሎ ሜትር ሄደ። በ2010 ሱፐር ስፖርት የሚባለውን አወጡ፤ ጉልበቱን 1,200 አድርሰው 431 ኪሎ ሜትር ገቡ። ልብ በል፣ 200 ያህል የፈረስ ጉልበት ጨምረው ያገኙት 24 ኪሎ ሜትር ነው። 200 የፈረስ ጉልበት ማለት እኮ የአንድ ሙሉ ስፖርት መኪና ሞተር ነው! ያ ሁሉ ለንፋስ የተከፈለ ግብር ነው።

አሁን ተቃራኒውን እይ። ቮልስዋገን ኤክስኤል1 የምትባል መኪና ሠርቶ ነበር፣ 250 ብቻ። ክብደቷ 795 ኪሎ፣ ሞተሯ 800 ሲሲ ባለ ሁለት ሲሊንደር ናፍጣ ከኤሌክትሪክ ሞተር ጋር። ስፖኪዮ እንኳ የላትም፤ ስፖኪዮ ንፋስ ይይዛል ብለው አንስተው በካሜራ ተኩት። በፋብሪካው ልኬት ለ100 ኪሎ ሜትር የምትጠጣው 0.9 ሊትር ነው። የኋላ ጎማዎቿ? አዎ፣ የተሸፈኑ ናቸው። ያችን ቅርጽ ዘርጋ፣ ሰፋ አደረጉና በ2014 ፓሪስ ላይ ኤክስኤል ስፖርት ብለው የዱካቲ ሞተርሳይክል ሞተር ከተውባት አቀረቧት። በ200 የፈረስ ጉልበት በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር። ከአንድ ቤተሰብ አንዷ የቁጠባ ንግሥት፣ አንዷ ጥይት።

ወደ ኢንሳይቷ ልመለስ። የመጀመሪያው ትውልድ ኢንሳይት አሜሪካ የገባችው 1999 መጨረሻ ላይ ነው፣ ከፕሪየስ ቀድማ። በእጅ ማርሽ የምትነዳዋ (ማኑዋሏ) 838 ኪሎ ገደማ ነው የምትመዝነው። አዲስ አበባ ላደገ ሰው እንዲገባው፦ የድሮዋን ቮልስ ታውቃታለህ አይደል? ክብደታቸው ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ ይቺ ኤርባግ አላት፣ ኤሌክትሪክ ሞተር አላት፣ ባትሪ ተሸክማለች። እንዴት ቀለለች ካልክ፣ አካሏ ከሞላ ጎደል አሉሚኒየም ነው። ሞተሯ አንድ ሊትር፣ ሦስት ሲሊንደር። ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት ቋት ሳይቀር ማግኒዚየም ነው። ስለዚህ ቋት በኋላ የማወራህ አለኝ።

አንድ ነገር ብዙ ሰው አያውቅም። ይቺ ሰው የሚስቅባት መኪና መጀመሪያ ትሠራ የነበረው ጃፓን ቶቺጊ ውስጥ ባለው የሆንዳ ትንሽ ፋብሪካ ነው። እዚያ ሌላ ምን ይሠራ ነበር? ኤንኤስኤክስ! በ1990 የወጣው፣ የፎርሙላ ዋን ተወዳዳሪው አይርተን ሴና ለሙከራ የነዳው፣ ፌራሪን ያስደነገጠው ባለ አሉሚኒየም አካል ስፖርት መኪና። ኤስ2000 የሚባለው ሌላው የሆንዳ ስፖርት መኪናም እዚያው ነበር። አሉሚኒየም መበየድና መገጣጠም የሚያውቁት እነዚያ እጆች ስለነበሩ ቆጣቢዋን መኪናም ለእነሱ ሰጧቸው። ጓደኞችህ ሲስቁ ይሄንን ንገራቸው።

ስትነዳት ምን ትመስላለች? ፈጣን አይደለችም፣ አልዋሽህም። ሞተሩና ኤሌክትሪኩ ተደምረው 73 የፈረስ ጉልበት ነው። ከቆመችበት 100 ለመግባት 11 ሰከንድ ገደማ ትፈልጋለች። ግን ደስታዋ ሌላ ቦታ ነው። መሪው ፊት የነዳጁን ፍጆታ በየቅጽበቱ የሚያሳይ ባር አለ፣ እስከ 150 ማይል በጋሎን ይቆጥራል። ሜዳ መንገድ ላይ በ55 ማይል ረጋ ብለህ ስትሄድ፣ አውራ ጣትህን ብቻ ያነሳህ ያህል እግርህን ከነዳጁ ላይ ላላ ታደርጋለህ። በዚያን ጊዜ ባሩ ከ60 ተነስቶ 90 እና ከዚያ በላይ ዘሎ ይቆማል። ድምፅ የለ፣ መንቀጥቀጥ የለ። የሆነው ምንድነው፣ ሞተሩ የቤንዚኑን ድርሻ ቀንሶ በብዙ አየር መሥራት ጀመረ። መደበኛ ሞተር ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም አየር ነው የሚያስገባው፤ እሷ እዚህ ጋ ከ20 በላይ ታስገባለች። እግርህን ትንሽ ጫን ካልክ ይጠፋል። እንደገና ታባብለዋለህ፣ ይመለሳል። ሥራ እስክትደርስ ከመኪናው ጋር ቁማር ስትጫወት ነው የምትሄደው። እኔ ይሄ ያስደስተኛል። አንተን ላያስደስትህ ይችላል፣ እሱን ሳትነዳት አታውቀውም። አውቶማቲኳ ግን አሜሪካ ውስጥ ይሄ ጨዋታ የላትም፤ ስለዚህ ያየሃት ማኑዋል መሆኗ ጥሩ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት መጀመሪያ የለጠፈላት ከተማ ውስጥ 61፣ ሀይዌይ ላይ 70 ማይል በጋሎን ነበር። በኋላ አለካኩ ሲጠብቅ 49 እና 61 አሏት። በእኛ አነጋገር በሊትር ከ21 እስከ 26 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። አንተ ሀይዌይ ስለምትነዳ በቀን አንድ ጋሎን ያህል ትበቃሃለች። ኮሮላህ 1.7 ገደማ ትፈልጋለች። በዓመት 250 የሥራ ቀን ብንል 175 ጋሎን ያህል ቆጠብክ። ጋሎኑ 3 ዶላር ቢሆን 525 ዶላር። ጥሩ ገንዘብ ነው፣ ግን ሀብታም አያደርግህም። ይሄን ያልኩህ በኋላ ባትሪ መግዣ ስትጠየቅ እንዳትደነግጥ ነው።

አሁን የበራውን መብራት እናንሳ። ከወንበሩ ጀርባ ምንጣፉን ስታነሳ፣ ሽፋኑ ስር 144 ቮልት ባትሪ አለ። ውስጡ የድሮ የእጅ ባትሪ ድንጋይ የመሰሉ 120 ህዋሳት በዘንግ በዘንግ ተደርድረው ነው ያሉት። አንዷ ስትደክም ሌሎቹንም ይዛ ትወድቃለች። ሻጩ "መብራቱ ዝም ብሎ ነው የበራው" ቢልህ አትመን፣ ዝም ብሎ የሚበራ መብራት የለም። ስትሞክራት ዳገት ፈልግ። በሦስተኛ ማርሽ ነዳጁን ጫን እያደረግህ ኤሌክትሪኩን ደጋግመህ አሠራው፣ ዓይንህን የባትሪውን መጠን ከሚያሳየው ባር ላይ አታንሳ። ቀስ እያለ ከወረደ ደህና ነው። ከሙሉ ተነስቶ በአንዴ ባዶ ላይ ከተከሰከሰ ባትሪው አልቆለታል፣ ዋጋው ላይ ከሺህ ዶላር በላይ ደምረህ ተከራከር። እና እባክህ ዩቲዩብ አይተህ ራስህ እንዳትፈታው። 144 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ከያዘ አይለቅም።

ስለ ዘይት ቋቱ የማወራህ አለኝ ብዬህ ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰልፍ በዝቶ። አንድ ሽማግሌ ኢንሳይታቸውን ለዘይት ቅየራ አመጡ። ዘይቱን አፍስሼ የማፍሰሻዋን ቡሎን መለስኩ፣ አዲስ ሞላሁና ቡሎኗን ለመጨረሻ ጊዜ እንደለመድኩት አጠበቅሁ። እጄ ላይ "ቅርጭ" የምትል ነገር ተሰማችኝ። አንተ መካኒክ አይደለህም፣ ያቺን ስሜት አታውቃትም፣ እንዳያሳውቅህ። የማግኒዚየሙ ጥርስ ተበልቶ ከቡሎኑ ጋር ተጠቅልሎ ወጣ፣ አዲሱ ዘይት ደግሞ ክንዴ ላይ ወረደ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንዲህ ነው፣ እኔ ግን የምሬን ነው አፍስሼ የለቀምኩት። ቋቱን ከኪሴ ገዝቼ ቀየርኩላቸው። ስለዚህ መኪናዋን ስታይ የእጅ ባትሪ አብራና ከስር ያችን ቡሎን ተመልከት። ዙሪያዋ ዘይት ካለ፣ ወይም ማጣበቂያ የተቀባ ከሆነ፣ ከእኔ በፊትም በኋላም የቸኮለ ሰው ነበረ ማለት ነው።

ጎማዋንም እይ። ከፋብሪካ የወጣችው በቀጭን ጎማ ነው፣ 165/65 ባለ 14። ሰው ቆንጆ ትሁን ብሎ ሰፊ ጎማ ያስገባባታል። ከዚያ "ነዳጅ መጠጣት ጀመረች" ብሎ ይመጣል። ሞተሩን ስንመረምር ውለን ጥፋቱን ያገኘነው ቸርኬው ላይ የነበረበት ቀን አለ። ሌላው ደግሞ አካሏ ስለማይዝግ ክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ብዙ አይጎዳትም። ከተጋጨች ግን አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀጥቅጠህ የምትመልሰው ነገር አይደለም፤ ፓርፋንጎዋና በሮቿ መካከል ያለውን ክፍተት በጣትህ ለካው፣ ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት።

እና ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። ከዳለስ ኤርፖርት እንግዳ ልቀበል ብለህ ከሄድክ እንግዳው ይገባል፣ ሁለቱ ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ግን ነገር ያመጣል። በሩ ላይ የተለጠፈውን የጭነት ልክ አንብብ፣ በጣም ትንሽ ነው፤ ሽሮና በርበሬው ሳይቆጠር መሆኑ ነው።

አርኤክስ-8። ይቺን በአጭሩ ልዝጋት። ቆንጆ ናት፣ የተለየች ናት፣ መሪዋ ደግሞ ቅቤ ነው። ሞተሯ ፒስተን የለውም፤ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ነው ውስጡ የሚሽከረከረው። 1.3 ሊትር ብቻ ሆኖ ማኑዋሉ 232 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፣ እስከ 9,000 ዙር ይጮሃል። ማዝዳ በዚህ ዓይነት ሞተር 1991 ላይ "ለ ማን" የሚባለውን የፈረንሳይ የ24 ሰዓት ውድድር አሸንፏል፣ ከጃፓን ኩባንያዎች የመጀመሪያው። ግን አንተ ነዳጅ የማትበላ ነው ያልከው። የሚቃጠልበት ክፍል ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ሙቀቱ በግድግዳው ይጠፋል፣ ስለዚህ እንደ ፒክአፕ ትጠጣለች። ዘይት ደግሞ ሆን ተብሎ ነው ወደሚቃጠልበት ክፍል የሚረጨው፣ ማሸጊያዎቹን ለማለስለስ፤ ቤንዚን በሞላህ ቁጥር ዘይት ማየት አለብህ። ሞተሯ ሞቃ ሳለ አጥፍተህ መልሰህ ስታስነሳት ካንገራገረች ዞር ብለህ ሂድ። በቀን 60 ማይል? አይሆንም። ለእሁድ መኪና ቢሆን ሌላ ወሬ እናወራ ነበር።

ጓደኛህ ስለ ቴስላ ያለው ስህተት አይደለም፣ ለኪስህ ከሆነ ትክክል ነው። ሞዴል 3 የሁለት ኢንሳይት ክብደት አላት። እኔ ክብደት ጠላት ነው ስልህ ቆይቼ ይቺ እንዴት ትቆጥባለች? ምክንያቱም ቤንዚን ሞተር ከነዳጁ ጉልበት አብዛኛውን በራዲያተርና በማርሚታ ያባክነዋል፣ ኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከባትሪው የተሰጠውን 90 በመቶ ያህል ጎማ ላይ ያደርሳል። ፍሬን ስትይዝም ክብደቷን ለማንቀሳቀስ ካወጣችው ጉልበት የተወሰነውን መልሳ ትሰበስባለች። ያንተን 60 ማይል በ15 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ትሄደዋለች። ቤትህ ቻርጅ የምታደርግበት ቦታ ካለህና ሒሳብ ብቻ ከሆነ ጉዳይህ፣ እሷን ግዛ፣ እኔም አልቃወምም። ፈጣንም ናት፣ ጀርባህን ወንበር ላይ ትለጥፈዋለች። ከተለየች መኪና አንጻር ግን፣ መብራት ላይ ስትቆም በግራህ አንድ፣ በቀኝህ ሁለት እሷን የመሰሉ አሉ። ኮሮላ ሰለቸኝ ያልከው ሰው፣ ነገ ይቺም የኤሌክትሪክ ኮሮላ ነው የምትሆንብህ።

ያልጠየቅኸኝን አንድ ልጨምር። ያችን የናቅሃትን ኮሮላ ኮፈኗን ክፈት። ውስጧ ያለው 1.8 ሊትር ሞተር አንድ ወንድም አለው፣ እሱ ከ2000 እስከ 2005 በተሸጠችው ቶዮታ ኤምአር2 ስፓይደር ወንበር ጀርባ ነው የተቀመጠው። ጉልበቱ 138፣ ካንተው ብዙም አይበልጥም። ኮሮላህ ግን ወደ 1,150 ኪሎ ስትሆን እሷ ወደ 1,000 ናት፣ ዝቅ ያለች፣ ጣሪያዋ የሚከፈት፣ ክብደቷ መሐሏ ላይ የተቀመጠ። የነዳጅ ፍጆታዋ ከኮሮላህ ጥቂት ቢብስ ነው። ካምቢዮዋን ስታስገባ "ጠቅ" የምትለዋ ነገር... ተወው። ቶዮታ ለኤክስአርኤስ ኮሮላ የሰጠውን 2ዜድዜድ ሞተር ደግሞ ሎተስ ወስዶ 900 ኪሎ አካባቢ የምትመዝን ኢሊዝ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ 190 የፈረስ ጉልበት ይዛ ከ5 ሰከንድ ባነሰ 60 ማይል ገባች። ኢሊዝ ዋጋዋ ለእኔም ላንተም አይደለም። ኤምአር2 ግን የሚቻል ነገር ነው። እስከ 2002 የተሠሩት ዘይት ይበላሉ፣ ጭስ ማውጫው መጀመሪያ ላይ ያሉት ትናንሽ ማጣሪያዎችም ይፈራርሱና ሞተሩን ይጎዱታል፤ ከ2003 ወዲህ ያለውን ፈልግ።

እንግዲህ እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። ኮሮላዋን አልሸጥም፣ እንግዳና ሻንጣ የሚጭን መኪና ያስፈልጋል። ኢንሳይቷን ባትሪዋ እንደሞተ ቆጥሬ ዋጋ እሰጥበታለሁ፤ ሻጩ እምቢ ካለ ኤምአር2 ፍለጋ እገባለሁ። ኢንሳይቷን ገዝተህ ከዓመታት በኋላ ጉልበቷ ካነሰህ፣ ሃይብሪዱን አውጥተው የሆንዳን ኬ20 ሞተር የሚተክሉባት ሰዎች አሉ። 200 ያህል የፈረስ ጉልበት፣ ከ1,000 ኪሎ በታች። ያኔ መብራት ላይ የሚስቅብህ ሰው ሲለቀቅ ምን እንደሚያይ አንተው ገምት።

ልታያት ስትሄድ ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቀው ለሻጩ ደውለህ ንገረው፣ ቀዝቃዛ ሞተር ነው የሚያወራው። የእጅ ባትሪ ያዝ። የጎማውን ቁጥርና የቡሎኗን ፎቶ አንሳና ከጠየቀህ ዋጋ ጋር እዚሁ ጻፍልኝ፣ ማታ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ።